ሬዲዮ ይዛ የምትመጣው ሴትዮ

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ መምጣቱን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ጉልበትሽስ? ባለቤትሽስ ደህና ነው፣ አሁንም ሲስቅ ጎረቤት ግድግዳ ይመታበታል? ልጆቹስ? ትልቋ ትምህርቷን፣ ትንሹ ጥርሱን እንዴት ይዘውታል? ሥራሽስ፣ እነዚያ ቀኑን ሙሉ የምታጥፊያቸው የሆቴል አንሶላዎች አላለቁልሽም? እኛ ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» ለጊዜው እንደ ሰላምታ ተቀበያት እንጂ እንደ ዜና አትያዣት፤ ዜናው ወደ ታች አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ከባድ መርዶ አለኝና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ለረጅም ዘመን ቤተሰባችንን በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው፣ በቀይ አበባ የተዋበው ትልቁ ፔርሙስ፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በደረሰበት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ፔርሙሱ በሕይወት ዘመኑ ሙቀቱን ለወዳጅም ለባላንጣም ሳያዳላ ሲያካፍል የኖረ፣ ክዳኑ ከላላ ወዲህ እንኳ አንድም ቀን ከሥራ ያልቀረ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩ የቆሻሻ መኪናው በመጣበት ዕለት፣ ጎረቤቶች በሰልፍ በቆሙበት ተፈጽሟል። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ።

አትቆጪኝ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሞተው፣ የጠፋው፣ ስሙን የለወጠው ሁሉ ማስታወቂያው በእኔ ጣት ነው የሚያልፈው፤ እጄ ለምዶበት ነው። ደግሞም በዚህ ቤት ያን ሰሞን «ሞተ» ተብሎ በግልጽ እንዲነገርለት የተፈቀደለት ፔርሙሱ ብቻ ነበር።

አሟሟቱ እንዲህ ነው። አባባ አልጋው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እማማ ሻይ ልትቀዳ ፔርሙሱን አንስታለች። አባባ ቀስ ብሎ፣ እንደዋዛ፣ «እኔ ካለፍኩ በኋላ ይሄን የሥራ ጠረጴዛ...» አለ። እማማ «አታሟርት» ብላ ዞር ስትል ፔርሙሱ ከእጇ አመለጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ ታለቅሺ ነበር ወይ ትስቂ ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። አንዱ መጥረጊያ ያመጣል፣ አንዱ ጨርቅ ያመጣል፣ አንዱ «ዋናው እናንተ አለመቃጠላችሁ ነው» ይላል። የፔርሙሱ ዘመን ታወሰ፣ ማን እንደገዛው ክርክር ተነሣ። በዚህ መሐል አባባ የጀመረውን ሳይጨርስ ቀረ። «ምን ልትል ነበር?» ያለው አንድ ሰው የለም።

እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ልጆቹ በሌሉበት አንብቢው። በስልክ «ጨጓራው ነው» የተባልሽው ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው። ምግብ በሚወርድበት ጉሮሮው ውስጥ ነው የጀመረው፣ አሁን ጉበቱ ላይ ደርሷል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገናም በሌላም የሚደረግ ነገር የለም፣ ጊዜው አልፏል ብሏል። ይህን ያለው ግን ለአባባ አይደለም። ኮሪደር ላይ፣ ለጋሼ ሚኒስትሩ ነው።

አጎታችን እንኳን ሚኒስትር የሚኒስትር ዘበኛ ሆኖ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ፤ ግን ሲያስነጥስ እንኳ መግለጫ የሚሰጥ ይመስላል፣ ታላቅ ወንድምነቱንም እንደ ሹመት ነው የያዘው። ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ ሳሎን ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ለበሽተኛው ምንም እንዳይነገር፤ ፊቱን ጥሎ የመጣ ጠያቂ በሩ ላይ ፊቱን አስተካክሎ እንዲገባ፤ ከአንቺ ጋር የሚደረገው የስልክ ንግግር ሁሉ ድምፁ ለሁሉም እየተሰማ፣ በእሱ ሊቀመንበርነት እንዲካሄድ ተወሰነ። ተቃውሞ አልነበረም። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ይህ ወረቀት በስልክ ፈንታ በጎረቤታችን በጥርስ ሐኪሙ ልጅ ቦርሳ የመጣልሽ ለዚህ ነው፤ ዛሬ ማታ ትበራለች፣ ነገ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

አሁን አባባን ብታዪው በመጀመሪያ ሌላ ሰው ቤት የገባሽ ይመስልሻል። የእጁ ሰዓት ሲለቁት ክርኑ ድረስ ይወጣል። የሚወርድለት ቀጭን ሾርባና ሻይ ነው፣ እሱም በማንኪያ፣ እሱም ግማሹ ይመለሳል። ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው የሚተፋባት ቆርቆሮ አጠገቡ አለች፤ ሰው ሲገባ በጋዜጣ ይከድናታል፣ ያፍርባታል። ተኝቶ ስለሚያፍነው ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ክፍሉ ምን ያህል ቢታጠብ የማይለቅ ሽታ አለው፤ እማማ መስኮት ትከፍታለች፣ ሚኒስትሩ ብርድ ይመታዋል ብሎ ይዘጋል። ድምፁ፣ ያ ከጓሮ ሆኖ ሲጠራን መንገድ ላይ የምንሰማው ድምፁ፣ ባትሪው እያለቀ እንደሄደ ሬዲዮ ሆኗል። ይህችን ምሳሌ ራሱ ነው ያላት፤ እኔ አልደፍራትም ነበር።

ለሕመሙ የሚጠጣው ሞርፊን አለ። እማማ የጠርሙሱን ጽሑፍ በጥፍሯ ፍቃ ቪታሚን አድርጋዋለች። አባባ አንድ ማንኪያ ይወስድና ትንሽ ቆይቶ ወገቡ ሲለቀው «ይሄ ቪታሚን እንዴት ያለ ጎበዝ ነው» ይላል። እማማ «ከውጭ የመጣ ነው» ትለዋለች። እሱም «መቼም ውጭ ያልሄደ ነገር የለም» ይላል። ያኔ ሁለቱም የሚያስቡት አንቺን ነው።

ሐኪም ቤቱ ደግሞ ለማይድኑ ሰዎች የመደባት ነርስ አለች። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞረች ማስታገሻ ማስተካከል ብቻ አይደለም። ከበሽተኛው ጋር ቁጭ ብላ ታወራለች፤ የፈራው ነገር ካለ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ከፈጣሪው ጋር ጉዳይ ያለበትም ቢሆን የሚያነጋግረው ሰው ታመጣለታለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ሚኒስትሩ በሩ ላይ አስቆማት። «ነጭ ልብስ ለብሰሽ ከገባሽማ ነገርነው ማለት ነው» አላት። ተመልሳ ልትሄድ ስትል እማማ ክንዷን ያዘችና፣ እትዬ፣ በዓለም ላይ የእኛ ዘር ብቻ ሊያስበው የሚችለውን ሐሳብ አቀረበች። አባባ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ስለዚህ ነርሷ ሬዲዮ የተበላሸባት ደንበኛ ሆና ትግባ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችን። ብዙ ቤት የገባች ናት፣ ብዙ እብደትም ሳታይ አልቀረችም። «የምትከፍቱልኝ በር ይሄ ከሆነ በዚህም እገባለሁ። ግን ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም» አለች። ሚኒስትሩ «አይጠይቅም» አለ፣ አፉን ሞልቶ።

በሳምንቱ ሐሙስ የራሷን ሬዲዮ ይዛ መጣች። ችግሩ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሬዲዮ ያጋልጠናል ተባለና እኔ ካቻቢቴ ተሰጥቶኝ፣ ከግቢው በር ውጭ ቁጢጥ ብዬ፣ ከድምፅ ማጉያው የሚሄደውን አንዱን ሽቦ ነቀልኩ። በሽተኛውን ጤነኛ ነህ ሲል የከረመ ቤት፣ ጤነኛውን ሬዲዮ በሽተኛ ለማድረግ አልሰነፈም።

የሥራ ጠረጴዛውን አልጋው አጠገብ አስጠግተንለታል። ሬዲዮውን ሲያይ ፊቱ በራ። «ምኑን ነው የሚያመው?» አላት። «ድምፅ የለውም» አለችው። ጀርባውን ከፈተ። ሽቦውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን አየ፤ ጠፍጣፋ፣ ሲራመዱበት የማይሰማ ጫማ ነው። «ጫማሽ ድምፅ የለውም» አላት። «ሥራዬ መቆም ይበዛበታል» አለችው። «አሃ» ብሎ የመበየጃ ብረቱን ማጋል ጀመረ። ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጣብቀውን ሽቦ ያን ቀን እጁ እየተንቀጠቀጠበት ብዙ ፈጀ። እሷ አልቸኮለችም፤ እጁን ሳይሆን ፊቱን እያየች እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ ሲውጥ የት ጋ እንደሚይዘው፣ ማን ማን ሲመጣ ደስ እንደሚለው ትጠይቀዋለች። ጠይቃ ደግሞ ትጠብቃለች። እኔ ይህን ነገር ከዚያ በፊት በቤታችን አይቼ አላውቅም። እኛ ስንጠይቀው መልሱንም አብረን ይዘን ነው የምንገባው፤ «ዛሬ ደህና ነህ አይደል? ፊትህ ወዝ አለው።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሬዲዮው አዲስ በሽታ ይዞ ይመጣል። አንዴ ማዞሪያው ይጠፋል፣ አንዴ የባትሪው ሽቦ ይበጠሳል። ሚኒስትሩ እኔም ላግዝ ብሎ ውስጡ ውሃ ያፈሰሰበት ሳምንትም አለ። ያን ዕለት ነርሷ ሬዲዮውን አዘቅዝቃ እያራገፈች፣ «ከእሳቸው በፊት እሱን እንዳትገድሉት» አለችኝ በጆሮዬ።

መሐል ላይ እማማ ስሙ የተጠራ ሰባኪ አምጥታ ነበር። ሰውዬው ክፍሉ መሐል ቆሞ በሽታውን በስሙ እየጠራ ውጣ አለው፣ ገሠጸው፣ ቀጠሮ ሰጠው። ሁላችንም አሜን አልን። አባባም አሜን አለ፤ በትሕትና። ሐሙስ ግን ነርሷ ጸሎቱ እንዴት እንደነበር ስትጠይቀው፣ «መልካም ጸሎት ነበር። ብቻ የጸለየው ለሌላ ሰው ነው፤ ሊድን ለተዘጋጀ ሰው» አላት። ለእርስዎ ቢሆንስ ምን ተብሎ ይጸለይ አለችው። ብረቱን አስቀመጠ። እኔ ኮሪደር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሻዩ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። «ስዋሽ እንዳልሞት» አለ።

በቀጣዩ ሐሙስ አንድ ዝምተኛ የእምነት አባት፣ ሽማግሌ ሰው፣ አስከትላ መጣች። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን ከገቡ ያስጠረጥራሉ ስለተባለ አንቴና አስያዝናቸው። ሰውዬው አንቴናውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ድምፅ አልተሰማም፣ ግሣጼም አልነበረም። ሲወጡ አንቴናውን ለእኔ መልሰው፣ «አባታችሁ ሰው ነው» ብለው ሄዱ። ያን ዕለት አባባ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሚኒስትሩ ይህን እንደ መሻሻል መዘገበው።

የጠየቀውም በዚያ ሰሞን ነው። ሚኒስትሩ አይጠይቅም ያለው አባባ። የጠየቀው ግን እኛ የፈራነውን አልነበረም። «ድምፄ የሚሄደው መቼ ነው?» አላት። እሷም «ቀኑን አላውቀውም፣ አባቴ። ግን ሩቅ አይመስለኝም። እየደከመ ይሄዳል፣ ከዚያ ሹክሹክታ ይሆናል» አለችው። «ታፍኜ ነው የምሄደው?» አላት ቀጥሎ። እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ ከግድግዳው ተጠጋሁ። እሷ አልሸሸችውም። ትንፋሹ ሲከብድ ምን እንደምትሰጠው፣ ማን አጠገቡ እንደሚሆን፣ በአብዛኛው ሰው እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ እንደሚሄድ፣ እንዲያ ባይሆን እንኳ መድኃኒቱ ቤት ውስጥ እንደሚኖር ቀስ ብላ ነገረችው። «እሺ» አለ፤ ሥራ ሲረከብ እንደሚለው ያለ እሺ። መሞትዎን ማን ነገረዎት ስትለው ደግሞ ሳቀ። «ባለቤቴ መጨቃጨቅ ያቆመች ቀን ገባኝ» አላት። «ደግሞስ በዚህ ዘመን ሬዲዮ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ወይ ሰላይ ነው ወይ ነርስ።»

እሷ ስትወጣ ጠራኝ። «ና ጋዜጣው» አለኝ፤ ቅጽል ስሜ እንዳልተረሳ ትወቂ። ሬዲዮውን አገላብጦ አሳየኝ። «የሰው ዕቃ ስታበላሽ ቢያንስ ሽቦውን ከጫፉ ፍታው፤ ከመሐል ትበጥሰዋለህ። ይሄን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም» አለኝ። ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከጠገነው በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት እንድትመለስ እሱም በበኩሉ አንድ ቦታ ያላላላት ነበር። አስቢው እትዬ፣ ያ ምስኪን ሬዲዮ ከበሩ ውጭ እኔ እነቅለዋለሁ፣ ኮሪደር ላይ ሚኒስትሩ ውሃ ያጠጣዋል፣ ውስጥ ደግሞ አባባ ያላላዋል። ለምን ዝም አልክ ስለው፣ «እናንተ ደከማችሁበት፤ ማፍረስ ከበደኝ» አለኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን አንስቶ ብዙ ተፋ። አፉን ጠረግኩለት። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄን ፊቱ ላይ አድርጌ አላውቅም፤ አጥንቱ ስለት አለው።

እማማን ያነጋገረቻት ነርሷ ናት፣ ኩሽና ውስጥ። እማማ ድንች እየላጠች፣ «አፉ ካወጣው እኮ ይሆናል» አለቻት። ነርሷ «ሳያወጣውም እየሆነ ነው፣ እማዬ። ብቻውን እየሆነበት ነው» አለቻት። እማማ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን ሳትታጠብ ወደ አባባ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሚኒስትሩ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን እየጠረገ ተቃውሞውን አሰማ። የሰማው የለም። እማማ ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። አጎታችንን አይታ፣ «አንተ እስቲ ሂድና ቁጭ በል» አለችው። ሄዶ ቁጭ አለ። በማግስቱ ጠዋት አባባ ንጹሕ አንሶላ ላይ ሾርባ አፈሰሰ ብላ ጮኸችበት። እሱም በዚያች በተረፈችው ድምፁ ትራሱን ያዘነበለችው እሷ እንደሆነች ተከራከረ። እስኪደክማቸው ተጨቃጨቁ። እኔ ሥራ አረፈድኩ፤ መስማት ማቆም አልቻልኩም።

እንግዲህ ሁሉም ተፈታ ትዪ ይሆናል። አልተፈታም። የቀረሽው አንቺ ነሽ። እማማ ለራሷ ተሸነፈች እንጂ ለአንቺ አልተሸነፈችም። «ልጄን ተዉአት፤ በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?» ትላለች። ሚኒስትሩ ያለው አንድ ሥልጣን የአንቺ ስልክ ስለሆነ እሱን አጥብቆ ይዞታል። መምጣት እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀትሽ ሳያልቅ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም። አባባም ያውቃል። ነይ ልበላት ብሎ አያውቅም።

ያለፈውን ስልክ ታስታውሺው የለ? «በሚመጣው ዓመት ወደዚህ አመጣሃለሁ፣ እዚህ ያሉት ሐኪሞች ጨጓራን እንደ ጉንፋን ነው የሚያዩት» ያልሽው ዕለት። እሱ «ልጄ፣ እኔ እስከዚያ...» ብሎ ጀመረ። ሚኒስትሩ ስልኩን አነሣና «መስመሩ ተቆራረጠ» ብሎ ዘጋው። ደግመሽ ስትደውዪ ተኝቷል ተባልሽ። አልተኛም ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ መስመር ስጠግን ኖሬ እንዲህ ያለ ብልሽት አላየሁም» አለ። እትዬ፣ ይህ ሰው ሞትን ከእኛ ይልቅ ለምዶታል። የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነው፤ የበኩር ልጁን ሳይሰናበት፣ «እሺ፣ በሚመጣው ዓመት» እንዳለ ድምፁ ይጠፋል ብሎ ነው። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ማስታወቂያውን መቼም እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ብዙ ጽፌያለሁ፣ ይሄን ግን በምን ጣቴ እንደምጽፈው አላውቅም። «ከቤተሰቡ ጋር ተሰናብቶ» የምትለዋን ቃል በሐሰት ልጽፋት አልፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። ሚኒስትሩ ሐሙስ ከሰዓት የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ አለው፤ ንግግር ስለሚያደርግ ቶሎ አይመለስም። ነርሷ ገብታ ስትቀመጥ መልእክት እልክልሻለሁ። ያኔ በእኔ ስልክ ደውዪ፣ በቤቱ አይደለም። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጌለት እወጣለሁ፤ ማንም አይሰማም። እማማን እኔ እይዛታለሁ፤ ብትቆጣም እኔን ትቆጣ።

«አይዞህ፣ ትድናለህ» አትበዪው። ይህ ለእሱ በር መዝጋት ነው። «አታሟርት»ም አትበዪው፤ እሷን ቃል በዚህ ቤት ጠግቧታል። እንደማውቅ ያውቃል ብለሽ ጀምሪ። የምትጠይቂው ካጣሽ «ምን ልትለኝ ነበር?» በዪውና ጠብቂ። መሐል ላይ ዝም ይላል፤ መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፣ ምራቁን እየታገለ ነው። ቃሉን አትሙዪለት። ካስለቀሰሽ አልቅሺ፤ ነርሷ ልቅሶ ይፈቀዳል ብላለች፣ እኔም በእሷ ፈቃድ ጀምሬያለሁ። የምትዪውም ነገር ካለሽ፣ ያኮረፍሽበትም ቢሆን፣ የምታመሰግኚውም ቢሆን፣ ለሌላ ጊዜ አታስቀምጪው። ያንን ዕለት ሥራ አትግቢ። ስልኩን ስትዘጊ ባለቤትሽ አጠገብሽ ይኑር፤ ስቆ አይደለም፣ ዝም ብሎ። እማማ ማን ያነሳታል ላለችው መልሱ እሱ ነው፣ ንገሪው።

በተረፈ ሁሉም በያለበት ሰላም ብሎሻል። እማማ ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ እንድትይዢ ትላለች፤ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፣ ሰላምታዋን ግን ቀኑን ሙሉ ስለምትደጋግመው ሰርቄ ልኬልሻለሁ። ጋሼ ሚኒስትሩ በራሱና በመላው ቤተሰብ ስም የላቀ ሰላምታውን ያቀርባል፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ እንደሚያለቅስ ሁላችንም ሰምተን እንዳልሰማን ሆነናል። ነርሷ አላውቃትም ግን ሰላም በልልኝ ብላለች። ባለቤትሽን እቀፊልኝ። ትልቋን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ደግሞ ጥርሱን እየተጠነቀቅሽ ሳሚልኝ። አባባም ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ፣ ጋዜጣው
ከቤት፣ ከአባባ ክፍል ፊት ለፊት ካለው ኮሪደር
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ማረሚያ፦ ከላይ በሰላምታው ክፍል «አባባም ሰላም ብሎሻል» ተብሎ የተገለጸው ከልማድ የመጣ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ገብቼ ምን ልበልልህ ብዬው ነበር። አባባ ሰላም አላለሽም። ምንም አላለሽም። ከትናንት ጀምሮ ከእኛ ጋር የሚነጋገረው በእጁ ነው፤ የቀረችውን ድምፅ ለሐሙስ እያስቀመጣት ነው። ለተፈጠረው ስሕተት ጸሐፊው ይቅርታ ይጠይቃል።